ሰናይት የጮኸች ለት

ደብዳቤው ለሰናይት የደረሳት እንደ ወትሮው በመይሙና እጅ ነበር። መይሙና ከፒያሳ ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ዳር ልብስ ትሰፋለች። ሱቋ ጠባብ፣ ወሬዋ ሰፊ ቢሆንም የጓደኛዋን ምስጢር ለነፋስም አታሰማም። ፖስታውን ከተቆራረጡ ጨርቆች ሥር አውጥታ በእጇ መዘነችው።

«ዛሬስ ከብዷል። ሰውዬው ልቡን ከነደም ሥሩ ሳይከተው አልቀረም!»

ሰናይት አልሳቀችም። በተሰቀሉት ቀሚሶች መሐል ገብታ፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ከፈተችው።

«ለማከብርሽና ለምወድሽ ሰናይት፣

ኧረ አንቺ ልጅ! ኧረ ባክሽ! ሦስት ደብዳቤ ብጽፍልሽ ሦስት ጊዜ ‹ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ እኔ ደኅና ነኝ፤ አንተስ እንደምን አለህ› ብለሽ መለስሽልኝ። እንዲህ ያለው መልስ ለማዘጋጃ ቤት ነው የሚጻፈው! እኔ እወድሻለሁ አልኩሽ፣ አንቺ ጤናዬን ጠየቅሽኝ። ጤናዬማ የት አለና!

ጅማ ያለው አጎቴ ሱቁን ያዝልኝ ብሎ ልኮብኛል። እናቴም አገር ቤት ያጨችልኝ ልጅ አለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸቀጥ የጫነ መኪና ከድልድዩ አጠገብ ይነሳል፤ እኔም አብሬ እሄዳለሁ። ከሄድኩ የምመለስ አይመስለኝም። ቅር ካልሽኝ ግን፣ እናቴ ትሙት፣ ንቅንቅ አልልም! ይቅርታ፣ እናንተ ቤት እንደማይማል ረስቼው ነው። አንድ ቃል ብቻ ላኪልኝ፤ ግን ከሆድሽ የወጣ ይሁን።

ዝም ስትዪኝ የማትወጂኝ ይመስለኛል፤ እፈራለሁ።

ያንቺው ፈቀደ»

«ያ አላህ! ፊትሽ እኮ አቡጀዲ መሰለ» አለች መይሙና መቀሷን አስቀምጣ። «ምን አለሽ?»

«ሐሙስ ይሄዳል።»

«ከነገ ወዲያ? ወይኔ ጉዴ! ታዲያ ምን ቆመሽ ታይኛለሽ? አልቅሺ፣ ተቆጪ፣ እርገሚው! አንድ ነገር በይ እንጂ!»

ሰናይት አንድ ነገር ማለት ፈልጋ ነበር። ጉሮሮዋ እንደ ታሰረ ከረጢት ተቋጥሮ እምቢ አላት።

ይህ ጉሮሮ ዛሬ አይደለም የተቋጠረው። አባቷ መምህር ዘርኡ ከሐማሴን የመጡ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አድገው በሚሲዮን ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። እሷም አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት እዚያው ሕፃናትን ፊደል ታስቆጥር ጀመር። በቤታቸው አይማልም፣ አይረገምም፣ ድምፅ ከፍ አይደረግም። ሳህን ከእጅ ወድቆ ቢሰበር፣ ጎረቤት ቤት «በስመ አብ!» የሚባለው እነሱ ቤት «ይቅርታ» ተብሎ ያልፋል። ደስታም ቢሆን ፈገግታ ነው፤ እልልታ የለውም።

እናቷ ወይዘሮ ጽጌ የሞቱ ጊዜ ሰናይት ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ገና ከበሩ «ዋይ! ዋይ!» እያሉ ሲመጡ መምህር ዘርኡ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ «እባካችሁ፣ በዚህ ቤት ጩኸት አይኑር» አሏቸው። ሴቶቹ ደንግጠው እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ የማኅበራቸው ሰዎች ተሰብስበው መዝሙር ዘመሩ። ሰናይት የሹራቧን እጅጌ አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ነክሳ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ቆመች። ከቀብር ስትመለስ አንዲት ጎረቤት፣ «ምናልባት አይወዳትም ነበር ይሆናል» ብላ ስታንሾካሹክ ሰማች። ያን ቃል ለማንም አልነገረችም። ማታ ማታ ግን አባቷ መብራት ሥር ተቀምጠው የተማሪ ደብተር ሲያርሙ እያየች፣ እውነት ይሆን ብላ ትፈራ ነበር።

ከፈቀደ ጋር የተዋወቁት ለትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ድንች ልትገዛ በሄደችበት አትክልት ተራ ነው። ካቻምና በግንቦት አንድ ተሸካሚ ተደናቅፎ፣ አንድ ኩንታል ድንች ከትከሻው ተወርውሮ ከእግሯ አንድ ስንዝር ርቆ ወደቀ። ተራው ሁሉ በአንድ አፍ ጮኸ። አንዷ «ማርያም!»፣ ሌላዋ «ወይኔ ልጅቷ!»፣ ከወዲያ ማዶ ያሉት ሽማግሌ «ያ ረቢ!» አሉ። ሰናይት ብቻ ዝም ብላ ቆመች። ድንቹን ከእናቱ ጋር የሚሸጠው ጎረምሳ ከባንኮኒው በላይ ዘሎ መጣ።

«አንቺ ልጅ፣ አልደነገጥሽም?»

«ደንግጫለሁ።»

«ታዲያ ድንጋጤሽ የት አለ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ቀና ብላ አየችው። ዓይኖቹ ይስቃሉ፤ እጆቹ ግን ስለ እሷ ይንቀጠቀጡ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ድንች በሳምንት ሁለት ጊዜ ያልቅ ጀመር።

*

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ወረቀት አቅርባ ተቀመጠች። ‹ደብዳቤህ ደርሶኛል› ብላ ጀመረችና በራሷ ተናዳ ቀደደችው። እንደገና ጀመረች፤ እንደገና ቀደደች። በመጨረሻ ‹ቅር። እኔም እፈራለሁ› ብላ ጻፈች። ሦስቱን ቃላት ስታያቸው፣ ሰው ፊት ልብሷን ያወለቀች ይመስል ጆሮዋ ጋለ።

የአባቷ ኮቴ ተሰማ። ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተር ሥር ለመሸጎጥ ጊዜ ያገኘችው ለጥቂት ነው።

«ምን ትጽፊያለሽ?»

«የ... የልጆቹን ውጤት።»

ዋሸቻቸው። በሕይወቷ የመጀመሪያው ነበር። መምህር ዘርኡ መነጽራቸውን አውልቀው ለአፍታ አዩአት፤ ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገቡ።

የምትፈራው ቁጣቸውን አይደለም፤ ቢቆጡማ በተገላገለች። አምና የአንድ ጓደኛቸው ልጅ ከሌላ እምነት ነጋዴ ስታገባ መምህር ዘርኡ አልተቆጡም። ለሠርጉ የተላከላቸውን ወረቀት አጣጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተው፣ ሁለተኛ ስሟን አላነሱም። ለሰናይት ያቺ መሳቢያ ከዱላ ትብስባት ነበር። ‹እኔንም እንደዚያ አጣጥፈው ይዘጉብኛል› ትላለች። የፈቀደ እናት ወይዘሮ ዘርፌም አሉ። እሳቸው ደግሞ ገና ወሬው ጆሯቸው ሲደርስ ደረታቸውን መትተው፣ «ጸረ ማርያም ልታገባብኝ ነው?» እንዳሉ ሰምታለች። ከወዲያ ጩኸት፣ ከወዲህ ዝምታ። መሐሉ ላይ እሷና ሦስት ቃላት።

ሐሙስ ጠዋት ደብዳቤውን ለመይሙና ልትሰጥ ብትሄድ ሱቁ ተዘግቷል። የጎረቤቱ ሰዓት ሠሪ፣ «ዘመድ ሞቶባት ተክለ ሃይማኖት ሄዳለች» አላት። ሰናይት የተቀረቀረውን በር እያየች ቆመች። ራሷ አትክልት ተራ ድረስ ሄዳ ለመስጠት እግሯን አነሳች፤ እናቱን አሰበች፤ እግሯን መለሰች። ደብዳቤውን እጅጌዋ ውስጥ አስገብታ ትምህርት ቤት ሄዳ ክፍሏ ገባች። ልጆቹ ‹ሀ ሁ ሂ› ሲሉ ውለው ምን እንዳሉ አልሰማችም።

*

አሥር ሰዓት ላይ የሰኔው ዝናብ አባራ። መምህር ዘርኡ ጃንጥላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው፣ ሰናይት ከጎናቸው ሆና፣ እንደየቀኑ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ቤታቸው ወረዱ። እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ድልድዩ ያቀርባታል። ‹ሄዶ ይሆናል› ትላለች፤ ትፈራለች። ‹አልሄደም ይሆናል› ትላለች፤ አሁንም ትፈራለች።

አልሄደም ነበር። ትልቁ የጭነት መኪና አፍንጫውን ወደ ዳገቱ፣ ጀርባውን ወደ ድልድዩ አዙሮ ቆሟል። ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ ተሸጉጦለታል። ሾፌሩ ቁልቁል ካለው ሻይ ቤት ገብቷል። ወይዘሮ ዘርፌ ስንቅ የቋጠሩበትን አገልግል ይዘው፣ ለመኪናው ጀርባቸውን ሰጥተው ከአንዲት ሴት ጋር ይላቀሳሉ። ፈቀደ ቡኒ ኮፍያውን አጥልቆ፣ ገመድ በትከሻው ጥሎ መኪናው ጎን ቆሞ ነበር።

አያት። ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኖቹ ከዓይኗ ላይ አልተነሡም፤ ጠየቋት። አንድ ቃል።

አባቷ አጠገቧ ናቸው። ሰናይት ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች።

ቀና ስትል ፊቱ እንደ ተነፈሰ ኳስ ወርዷል። ኮፍያውን መልሶ አጥልቆ፣ ገመዱን ከታች ሊያስር ዞሮ ከመኪናው ጀርባ ቁጢጥ አለ። በቃ፣ ጨረስኩት፣ በገዛ ዓይኔ ጅማ ሰደድኩት ብላ ስታስብ ነበር ድንጋዩን ያየችው።

ዝናቡ ከድንጋዩ ሥር ያለውን አፈር ቦርቡሮታል። ድንጋዩ ቀስ ብሎ፣ ሳሙና ላይ እንደ ተቀመጠ፣ ተንሸራተተ። ጎማው ግማሽ ዙር ዞረ። ሞተሩ ጠፍቷልና ድምፅ የለውም፤ ያ ሁሉ ጭነት ድምፅ ሳያሰማ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። ያየ የለም። ሸቀጡን የጫኑት ተሸካሚዎች ወሬ ይዘዋል። እናቱ ያለቅሳሉ።

ሰናይት አፏን ከፈተች። ምንም አልወጣም። የሹራብ ጣዕም ምላሷ ላይ መጣባት፤ ያ የነከሰችው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጅጌ። ጎማው አንድ ሙሉ ዙር ዞረ።

«ፈቀደ!»

የማን ድምፅ እንደሆነ እሷም አላወቀችም። ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከእግሯ ሥር የተነቀለ ይመስል ነበር።

«ፈቀደ! ኡ ኡ! ኧረ ውጣ! ኡ ኡ! የሰው ያለህ! ፈቀደዬ!»

መንገዱ በሙሉ ዞረ። ከመኪናው ጀርባ ቡኒ ኮፍያ ብቅ ሲል፣ ሰውነቱ ወደ ጎን ሲወረወር፣ የመኪናው ቂጥ የድልድዩን ድንጋይ ሲመታ አንድ ላይ ሆነ። ምድር ተንቀጠቀጠች። «ጊዮርጊስ!» «ያ አላህ!» «ወይኔ!» የሚለው ጩኸት ከየአቅጣጫው ፈነዳ።

ሰናይት አልቆመችም። አባቷን ትታ፣ ጫማዋን ጭቃ አስቀርቶባት፣ ሰው እየገፋች ሮጠች። ፈቀደ ከመንገዱ ዳር ቱቦ አፍ ላይ በጎኑ ወድቋል። በሕይወት አለ። ግራ እጁ ግን ከአንጓው በታች የሰው እጅ ሊዞር በማይገባው በኩል ዞሯል። ጭቃው ላይ ተንበረከከች።

«እኔን!» አለች። «እኔን! እኔን ያድርገኝ!»

ሰው ሲጮህ ማንም ሊጮህ ይችላል። አላፊ አግዳሚም አደጋ ሲያይ ይጮሃል። ይህን ቃል ግን እንዲያ ባለ ድምፅ የሚለው የራሱ ሰው ብቻ ነው። ወይዘሮ ዘርፌ «ልጄን! ልጄን!» እያሉ ደርሰው ይህንኑ ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ፣ ቀድማ ያለችው ልጅ ላይ ዓይናቸው ተተከለ። ሰናይት ዞር አለች። አባቷ ከኋላዋ ቆመዋል።

መምህር ዘርኡ ጎንበስ ብለው፣ ከእጅጌዋ ወድቆ ጭቃ የበላውን የታጠፈ ወረቀት አነሡ። ጠረጉት። ሳይከፍቱ ሰጧት። ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም።

ፈቀደን ተሸክመው ወደ ወጌሻ ሲሄዱ ሰናይት አልተከተለችም። አባቷ ጎን ተመልሳ ቆመች።

*

ወደ ቤት በሄዱበት መንገድ አባቷ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ባዶ እግሯን ጭቃ ለብሳ ስትሄድ፣ የምትሰማው የጃንጥላቸውን ጫፍ ኮቴ ብቻ ነው። ያቺ መሳቢያ ስትከፈት ይታያታል።

ቤት ገብተው መምህር ዘርኡ ባርኔጣቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«ስሙ ፈቀደ ነው?»

«አዎ፣ አባባ።» ጥርሷ ይንገጫገጭ ነበር። «ይቅር ይበሉኝ። ዋሽቻለሁ። እየጻፍኩለት ነው የዋሸሁዎት። ሊያባርሩኝም ይችላሉ፤ ግን ዝም አይበሉኝ። እባክዎ፣ ዝም ብቻ አይበሉኝ!»

ድምፅዋ አሁንም ከፍ ብሏል፤ መልሳ ልታወርደው አልቻለችም።

መምህር ዘርኡ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት፤ ጠርዙን በጣታቸው ያዞሩት ጀመር።

«የእናትሽ ቀን» አሉ፣ «ሴቶቹን የመለስኳቸው ለምን ይመስልሻል?»

«ስለ እምነታችን።»

«እኔም ለሰው ያልኩት እንደዚያ ነው።» ድምፃቸው ሻከረ። «እምነት አልነበረም፣ ሰናይት። ፍርሃት ነበር። አንድ ጊዜ አፌን ብከፍት የምዘጋው አልመሰለኝም። አንቺ አጠገቤ ቆመሽ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ነበርሽ፤ አብጄ እንዳታዪኝ ፈራሁ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እጅጌሽን ስትነክሺ አይቼሻለሁ እኮ። አይቼ ዝም አልኩ።»

«ይወዷት ነበር?»

የጠየቀችው ሳታስበው ነው። መምህር ዘርኡ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ፤ በቃል ፈንታ የወጣው ሌላ ነገር ነበር። ከደረታቸው ሥር የተነሣ፣ የተሰባበረ፣ ሰናይት ከሰው ሰምታው የማታውቀው ድምፅ። ባርኔጣው ወለሉ ላይ ወደቀ። ልጅቷ ፈርታ ተነሣች፤ ሮጣም አቀፈቻቸው።

«ጓለይ» አሏት በአገራቸው ቋንቋ። «ጓለይ፣ ልጄ፣ ዛሬ ስትጮሂ የሞትሽ መስሎኝ ነበር።»

ተቃቅፈው አለቀሱ። ቀስ ብለው አልነበረም፤ ጎረቤት የሚሰማው ለቅሶ ነበር።

*

በማግሥቱ ከሥራ መልስ መምህር ዘርኡ አዲሱን ከረባታቸውን አሰሩ። ወይዘሮ ዘርፌ ቤት ከአትክልት ተራው ጀርባ ነው። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ የሰናይት እግር ተተከለ።

«አባባ፣ እንመለስ።»

«እኔም መመለስ አምሮኛል» አሉና በሩን አንኳኩ።

ወይዘሮ ዘርፌ በሩን ከፈቱ። ደንግጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ግቡ! በሞቴ ግቡ! አፈር ስሆን፣ እዚህ ከፍ ይበሉ!» መምህር ዘርኡ እንዲህ ባለ መሐላ ሲጋበዙ ምን እንደሚመለስ አያውቁም፤ ግራ ተጋብተው፣ «ኧረ ኖር... ኧረ አይሙቱብን» አሉ። ወይዘሮ ዘርፌ ሳይወዱ ፈገግ አሉ።

«እንኳን እግዚአብሔር ልጅዎን አተረፈልዎት» አሉ መምህር።

«አሜን። እሱና ልጅዎ።» ሴትዮዋ ፊት ለፊት ተቀመጡ። «መምህር፣ እውነቱን ልንገርዎ፤ ልጅዎን አልፈልጋትም ነበር። ትላንት ግን እናቱ ሆኜ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆሜ፣ እሷ ናት ያየችልኝ። ማታ ተኝቼ ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ያም ሆኖ እፈራለሁ። ልጄን ከታቦቴ ትለዩብኛላችሁ ብዬ እፈራለሁ።»

«እኔም እፈራለሁ፣ ወይዘሮ ዘርፌ። ልጄን በጸሎቷ ታሳቅቁብኛላችሁ ብዬ እፈራለሁ።»

ወይዘሮ ዘርፌ ለሰናይት በአገጫቸው ወደ መጋረጃው አመለከቷት። «ግቢ፣ ልጄ። ነቅቷል።»

ፈቀደ እጁ በቀርከሃ ታስሮ፣ ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ያ ለፍላፊ ልጅ ሲያያት አንድ ቃል አልወጣው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«ያመሃል?»

«መኪናው ሲመጣ አልፈራሁም፤ አላየሁትማ» አለ በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ። «አሁን ነው የሚያርበተብተኝ። ሳትጮሂ ብትቀሪ ኖሮ እያልኩ...»

«ዓይኔን መሬት የጣልኩት አባቴን ፈርቼ ነው። አንተን ጠልቼ አይደለም። ቅር ብዬ ጽፌልህ ነበር፤ ጭቃ በላው። እወድሃለሁ፣ ፈቀደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጤናህን ስጠይቅህ እወድሃለሁ ማለቴ ነበር፤ ሌላ አነጋገር አላውቅም ነበር።»

ፈቀደ ደህናውን እጁን ዘርግቶ እጇን ያዘ። የሁለቱም መዳፍ በላብ ርሷል።

ከመጋረጃው ወዲያ ድምፅ ጠፋ። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው አደመጡ። መጋረጃው ስስ ነው፤ የመምህር ዘርኡ ጉሮሮ ሲጠራ ተሰማ።

«እንግዲህ ሽማግሌዎቹ ከመስቀል በኋላ ይምጡ» አሉ። «እስከዚያው እኔና እርስዎ ብዙ የምንጨቃጨቅበት ነገር አለ።»

«ኧረ ምን ገዶኝ! ጭቅጭቅስ አያቅተኝም!» አሉ ወይዘሮ ዘርፌ፤ ድምፃቸው ግን እንባ ነበረበት።

ሰናይት ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣባት። የሚመጡትን ሽማግሌዎች አሰበች፣ የሚነሣውን ጭቅጭቅ፣ ሁለት የተለያየ ጸሎት የሚጸለይበትን ቤት። ጉልበቷ ከአልጋው ጋር ይርገፈገፍ ጀመር።

«ትንቀጠቀጫለሽ እኮ» አለ ፈቀደ። «ፈራሽ?»

«አዎ!» አለች፣ መጋረጃው ወዲያ እስኪሰማ። «በጣም ፈርቻለሁ!»

እጇን ግን አልወሰደችም።